በእውን የሌሉ ሦስት ወጣቶችን ስለጫነው መኪና

ይድረስ ለክቡር የፊልም ምዘናና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ቀንዎ እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ የለሰለሰ፣ ትንፋሽዎም ያለ አንዳች መሰናክል የሚገባና የሚወጣ እንዲሆን ከልብ እመኝልዎታለሁ። ትንፋሽን ለይቼ ማንሳቴ ለነገር ማሳመሪያ አይደለም፤ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይደርሱበታል።

እኔ በአሁኑ መሥሪያ ቤትዎ ግቢ፣ በስምሪት ክፍል፣ ሃያ ስድስት ዓመት የነዳሁ ሾፌር ነኝ። ከእርስዎ በፊት የነበሩትን ሁለት ኃላፊዎች አመላልሻለሁ። እርስዎንም ገና ጀማሪ ባለሙያ ሳሉ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቤትዎ በር ድረስ አድርሼዎታለሁ፤ ያኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው «ጋሼ፣ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» ይሉኝ እንደነበር ላያስታውሱ ይችላሉ። ሾፌር ግን የተሳፋሪውን ፊት በስፖኪዮ ስለሚያይ ቶሎ አይረሳም። ለመኖሬ ዋጋ ይሰጡ በነበሩበት በዚያ ዘመን ስም ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ይዤ ስኖር፣ ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ መጣች። ሥራዋ ፊልም መሥራት ነው። የሚያሠራት ድርጅትም ሆነ አይዞሽ የሚላት ባለጸጋ የላትም፤ ያላት የተዋሰችው ካሜራ፣ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ያሰረችው ማይክሮፎንና አልበገር ባይ ጭንቅላቷ ብቻ ነው። «አጎቴ፣ መኪናህንም አንተንም እፈልጋችኋለሁ፤ ሦስት ልጆች ይዘን አንዲት እናት ፍለጋ ልንሄድ ነው» አለችኝ። የሁለት ቀን መንገድ መስሎኝ እሺ አልኩ። አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀብን።

ልጆቹን በጽሑፍ ስለሚያውቋቸው በአካልም ላስተዋውቅዎ። አንደኛዋ ካርታ ትባላለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከአክስቷ ቤት ከወጣች ጀምሮ ከመናኸሪያ መናኸሪያ ስትዞር የማታውቀው መታጠፊያ ስላልቀረ ነው ስሙ የወጣላት። ሁለተኛው ጠበቃ ነው፤ ዘበኛ በያዛቸው ቁጥር ተከራክሮ የሚያስለቅቃቸው እሱ ነው። ሦስተኛውን እንቅልፌ ይሉታል። ጆንያ ተሸክሞም ይተኛል እያሉ ይስቁበታል እንጂ፣ እውነቱ ደረቱ እየታፈነበት ሲያጣጥር ስለሚያነጋ ቀን ቀን ያንጎላጀዋል። ሦስቱም የጭነት መኪና ያጥባሉ፣ ዕቃ ያወርዳሉ፣ ከዚያ ቀጣዩ ጭነት ወደሚሄድበት ከተማ አብረው ይሄዳሉ። ቤታችሁ የት ነው ሲባሉ መኪናው የሚቆምበትን ቦታ ነው የሚናገሩት።

አራተኛ ጓደኛ ነበራቸው፤ ረጅሙ ይሉት ነበር። አንድ ቀትር ላይ ጥላ ፈልጎ ከቆመ መኪና ሥር ጋደም ባለበት መኪናው ወደ ኋላ ሄደበት። እኔ ሾፌር ነኝና ይህችን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በቦርሳው ውስጥ አንዲት ሴት በልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ፣ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የተነሳችው ፎቶግራፍ ተገኘ፤ ከበስተጀርባዋ የከተማው ስም ግማሹ የተላጠ ሰሌዳ ይታያል። እናቱ ናት። ልጆቹ መርዶውን በሌላ ሰው አፍ እንድትሰማ አልፈለጉም። ፊልሙም ይኸው ነው፤ ሦስት ልጆች፣ አንዲት ሚኒባስና በግማሽ ስም የሚፈለግ ከተማ።

አገኘናት። በሩን ከፍታ ሦስቱን ስታይ ልጇ ሥራ ይዞ መልእክተኛ የላከ መሰላትና ፊቷ በራ፤ ወንበር ትደረድር ጀመር። ጠበቃ እንኳ፣ ያ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነው ልጅ፣ ግድግዳ ግድግዳውን አየ። የተናገረው በቀን አሥር ቃል የማይወጣው እንቅልፌ ነበር። «እማ፣ አልተሰቃየም። ተኝቶ ነበር። እኔ አጠገቡ ነበርኩ» አላት። የእህቴ ልጅ ካሜራውን ዝቅ አደረገች። ያቺ እናት መሬት ላይ ተቀምጣ ብዙ ካለቀሰች በኋላ ቀና ብላ ያለቻትን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። «ለምን አወረድሽው? አንሺው እንጂ። ልጄ እንደነበረ ይታይልኝ።»

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ምስጋናዬ የበዛ ስለሆነ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

1ኛ. ፊልሙን ስላዩልን አመሰግናለሁ። የአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃውን ፊልም የምዘና ኮሚቴዎ በሃምሳ ደቂቃ አይቶ መጨረሱ የብቃቱ ምስክር ነው። እኔ ያን ቀን የማሳያውን መሣሪያ ገመድ ይዤ በራፍ ላይ ስለቆምኩ፣ አባላቱ አንድ በአንድ ስልክ እያነሱ ሲወጡ፣ ስፌት ቤቱ በር ሲደረስ በአዳራሹ የቀረው አንድ አባል ብቻ እንደነበር፣ እሱም ዓይኑን እንደጨፈነ በዓይኔ አይቻለሁ። ተመስጦ መሆን አለበት።

2ኛ. በሦስት ገጽ ላሰፈሩልን አስተያየት አመሰግናለሁ። መንገዱ አቧራማ በመሆኑ ገጽታችንን ስለሚያጎድፍ አስፋልት ላይ እንደገና ይቀረጽ ብለዋል። ልጆቹን በዱላ የሚያባርረው ዘበኛ ፈገግ እንዲል፣ መጨረሻው ላይም ሦስቱ የደንብ ልብስ ለብሰው ሥልጠና ሲገቡ እንዲታይ፣ እናትየዋም ከምታለቅስ ለሚመለከታቸው አካላት ምስጋና እንድታቀርብ አሳስበዋል። ከሁሉ የላቀው ግን የመጨረሻው አንቀጽ ነው፤ ፊርማዎና ክብ ማኅተምዎ ካረፈበት ገጽ ቃል በቃል እጠቅሰዋለሁ፦ «ካርታ፣ ጠበቃ እና እንቅልፌ የተባሉት ወጣቶች በኅብረተሰባችን ውስጥ በእውን የሌሉ፣ የአዘጋጇ ምናብ የፈጠራቸው መሆናቸውን ጽሕፈት ቤታችን አረጋግጧል።» እንዴት እንዳረጋገጡ አልጻፉም። ትሕትናዎ ከልክሎዎት ይሆናል።

3ኛ. ስለ ጥሪው። የእህቴ ልጅ ደብዳቤውን ይዛ ቢሮዎ ድረስ መጣችና፣ «ልጆቹ አሉ፤ አምጥቼ ላሳይዎት እችላለሁ» አለችዎ። እርስዎም በጸሐፊዎ በኩል፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይዛቸው እንድትመጣ፣ ኮሚቴው በአካል እንደሚያነጋግራቸው ነገሯት። እንዲህ ያለ ሆደ ሰፊነት በዘመኔ አላየሁም ብዬ ለጎረቤቶቼ አወራሁልዎ። ጅል ሽማግሌ ሆኜልዎታለሁ።

ያን ማክሰኞ ልጆቹ ለክብርዎ ሲሉ ገላቸውን ታጥበው፣ ሸሚዝ ተውሰው መጡ። ጠበቃ በመንገድ ሁሉ የሚናገረውን ሲያጠና ነበር፤ «ክቡር ሆይ ነው ወይስ ክቡርነትዎ ነው የምለው፣ ጋሼ?» እያለ ይጠይቀኛል። እንቅልፌ የተዋሳት ሸሚዝ ኪስ ስላልነበራት፣ የሱሪው ኪስም ቀዳዳ ስለነበር፣ በአፉ የሚነፋትን የአስም መድኃኒቱን አውጥቶ በሚኒባሷ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጣት። «ስንወጣ እወስዳታለሁ» አለ።

ግቢው ውስጥ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። ካርታ ገና በሩን ስናልፍ ክንዴን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ ይሄ መኪና ዕቃ ሊያወርድ አይደለም የመጣው። አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ ነው የቆመው። ሞተሩም አልጠፋም» አለችኝ። እኔ ምን አልኳት መሰልዎ? «አይዞሽ ልጄ፣ ይህ የመንግሥት ግቢ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንጀራ በልቼበታለሁ» አልኳት። ክንዴን ለቀቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ ጥፋት ሁሉ ይልቅ የማልረሳው የራሴን ይህን ቃል ነው።

የእህቴን ልጅ ጸሐፊዎ ወደ ላይ ጠራቻት። እኔን ዘበኛው «መኪና ውጭ ይቁም» ብሎ አስወጣኝ። ከአጥሩ ውጭ አቁሜ ሞተር ሳላጠፋ የጠበቃን ድምፅ ሰማሁ። «ጌታዬ፣ እኛ እኮ ተጋብዘን ነው የመጣነው!» ሌላ ድምፅ መለሰለት፦ «መጋበዙንማ ተጋብዛችኋል! ውጡ!» በሩ ተከፈተና መኪናው ወጣ። ያን ሰሞን ከተማው ለታላቅ ጉባኤ እንግዳ ይቀበል ነበርና፣ መናኸሪያው፣ ድልድዩ ሥር፣ የእቃ ማውረጃው ሁሉ ከጎዳና ልጆች ይጠረግ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። እርስዎ ደውለው ነግረዋል አልልም፤ የሰው ስም በከንቱ አላጠፋም። መኪናው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር ነው የምለው።

ተከተልኩት። ሸራው ከኋላ አንድ ስንጥቅ ነበረው፤ ገና አስፋልቱን ሳንለቅ ከስንጥቁ የአንዲት ልጅ እጅ ብቅ አለ። ካርታ ናት። መኪናው ሊታጠፍ ሲል ቀድማ በጣቷ ግራ ትለኛለች፣ ቀኝ ትለኛለች፤ በጨለማ ሸራ ውስጥ ሆና መንገዱን ታውቀዋለች። ከኋላቸው አንድ ሰዓት ከሩብ ነዳሁ። ከአስፋልት ወደ ጠጠር ስንገባ አቧራው እንደ ግድግዳ ቆመ። አቧራ ለእንቅልፌ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መድኃኒቷ መሳቢያው ውስጥ በየጎድጓዳው ስትንኳኳ ይሰማኛል። ጥሩምባ ነፋሁ፣ መብራት አበራሁ፣ ጎን ለጎን ልሄድ ሞከርኩ፤ የሚሰማኝ የለም።

ኬላ ላይ ለመኪናው ሰንሰለቱ ዝቅ አለ፤ ለእኔ ወደ ላይ ወጣ። ኬላ ጠባቂው ወጣት ነው፣ የልጅ ልጄ ሊሆን ይችላል። «አባቴ፣ ከዚህ ወዲያ የመንገደኛ መኪና አያልፍም» አለኝ። መድኃኒቷን በመስኮት ዘረጋሁለት። «ልጄ፣ እዚያ መኪና ውስጥ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ አለ። እኔን ያዘኝ፣ ይህቺን አድርስለት። በሞተር ሳይክልህ ብትወጣ ታገኛቸዋለህ» አልኩት። እጁን ወደ ኋላው አደረገ። «ያለ ማዘዣ ምንም ነገር በእጄ አልቀበልም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም እኮ ሥራዬ ነው፣ አባቴ» አለኝ። በሰንሰለቱ ማዶ አቧራው ቀስ እያለ ሲወርድና መንገዱ ባዶውን ሲቀር ቆሜ አየሁ።

የእህቴ ልጅ በዚህ ሁሉ ሰዓት ጸሐፊዎ ዘንድ «ትንሽ ይጠብቁ» እየተባለች ተቀምጣ ነበር። ስትወርድ ግቢው ባዶ ነው። ዘበኛውን ብትጠይቀው «የምን ልጆች?» አላት። ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ጋር የቃል አንድነት ያለው ዘበኛ ነው፤ እድገት ይገባዋል።

4ኛ. ይህኛው ምስጋና የምር ነው። ስምንት ቀን ፈልጌ፣ በዘጠነኛው ቀን ዱቄት የሚያመላልስ የድሮ ባልደረባዬ «ከኬላው ወዲያ የቀድሞው የእህል መጋዘን ውስጥ ሰው አለ፤ ዳቦ እየገባለት ነው» አለኝ። በእሱ መኪና፣ ከጆንያ መሃል ቁጭ ብዬ ሄድኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው። «ወረቀት አለዎት?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ በኪሴ ማኅተም ያለው ወረቀት አንድ ብቻ ነበር፤ የእርስዎ። ሰጠሁት።

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሦስት ጊዜ አነበበው። «በእውን የሌሉ ይላል» አለ። «አዎን ጌታዬ» አልኩት። ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዙሮ አየ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና፣ «የሌለ ሰውማ እንዴት አድርጌ አስቀምጣለሁ? ነገ ቢጎድልብኝ ምን ብዬ ነው የማስመዘግበው?» አለ። ሞኝ መስሎዎት እንዳይስቁበት፤ ሰውየው ምክንያት ሲፈልግ የቆየ ሰው ነበር፣ እርስዎ ደግሞ ምክንያት በማኅተም ላኩለት። በሩን ከፍቶ ስማቸውን ራሱ ጠራ። ካርታ ወጣች። ጠበቃ ወጣ፤ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። ሦስተኛውን ስም ሲጠራ ማንም አልወጣም።

ከኬላው ካለፉ በኋላ፣ ጠበቃ እንደነገረኝ፣ እንቅልፌ ከአቧራው የተነሳ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ካርታ ሸሚዙን ቀድዳ አየር እንዲያገኝ ወደ ስንጥቁ አስጠጋችው። ጠበቃ እየጮኸ የሾፌሩን ክፍል በጡጫ ደበደበ፤ ያ ድምፁም የጠፋው ያኔ ነው። መኪናው ቆመ። ሁለት ጠባቂዎች እንቅልፌን አውርደው በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣ የነበረ ግራጫ ፒክአፕ አስቆሙና ከኋላ አስተኙት። «ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው፤ ዝም በሉ» አሏቸው። ካርታ አብሬው ልሂድ ብላ ብትወርድ በሰደፍ መልሰው መኪናው ላይ አስወጧት። ግንባሯ ላይ ምልክቱ አለ፤ ላረጋግጥ ካሉ መጥተው ማየት ይችላሉ።

እነሆ ዛሬ ሠላሳ አራተኛ ቀኑ ነው። በዚያ መንገድ ዳር ያሉትን ሦስት ጤና ጣቢያዎች፣ ሁለት ፖሊስ ጣቢያዎችና አንድ ሆስፒታል አዳርሻለሁ። በሆስፒታሉ የአስከሬን ክፍል ሠራተኛው አንሶላ ገልጦ «ይሄ ነው?» አለኝ። አልነበረም። አመስግኜ ወጣሁና የመኪናዬን ቁልፍ ጠፋብኝ ብዬ ግማሽ ሰዓት ፈለግሁ፤ በእጄ ጨብጬው ነበር።

5ኛ. ቁጥሩ እዚህ ላይ ከምስጋና ወደ ጥያቄ ይቀየራል፤ ሥርዓት በማፍረሴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የእህቴ ልጅ ፊልሙ ይፈቀድላት ብላ ከእንግዲህ አትጠይቅዎትም። አቧራውም ይቅር፣ የደንብ ልብሱም ይቅር፣ መቀሱን ራስዎ ይያዙት። የምንጠይቅዎ አንድ መስመር መልስ ነው፤ በዚያ ማክሰኞ በኬላውና በመጋዘኑ መካከል፣ ደረቱ የታፈነ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የተረከበው ግራጫ መኪና የማን ነው፣ ወዴትስ ሄደ? ሸራ ለባሹን መኪናና ልጁን ያስረከቡትን ጠባቂዎች ያሰማራ ሰው አለ፤ ሃያ ስድስት ዓመት በስምሪት ክፍል ሠርቼ ያለ ስምሪት ወረቀት አንድም ጎማ ከግቢ ሲወጣ አላየሁም። ወረቀቱ አለ። አንድ ስልክ ቢደውሉ ይገኛል። ልጁ ካለ እንድናመጣው፣ ከሌለም እንድንቀብረው ነው። ቁርጡን ያወቀ ሰው ቢያለቅስም ይተኛል፤ እኛ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር አራታችንም እንነሳለን።

ጊዜዎን በመሻማቴ እየተጸጸትኩ፣ የሥራ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ልጆችዎ በወጡበት ሰዓት በሰላም ተመልሰው በር እንዲያንኳኩልዎ፣ እርስዎም «ማነው?» ብለው ጠይቀው የሚያውቁት ድምፅ እንዲመልስልዎ እየተመኘሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የቀድሞው የግቢዎ ሾፌር

ግልባጭ፦
ለሦስቱ ጤና ጣቢያዎች በር፣
ለመናኸሪያው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣
ለኬላ ጠባቂው ወጣት፣ በግል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ሲያነቡ በመስኮትዎ ወደ ታች ቢመለከቱ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ሦስት ሰዎች ያያሉ። ካሜራውን የያዘችው ካርታ ናት፤ አጠገቧ የቆመችው የእህቴ ልጅ አስተምራታለች፣ እጇ አይንቀጠቀጥም። ጠበቃ ማይክሮፎኑን ይዟል፤ ድምፁ ከትናንት በስቲያ ተመልሶለታል። ሌላ ፊልም ጀምረናል፤ የመጀመሪያው ቀረጻ የእርስዎ ከቢሮ መውጣት ነው። ንግግር ማጥናት አያስፈልግዎትም፤ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፣ አስቀድመውም አንብበውታል። በኋለኛው በር ልውጣ ካሉ እኔ ሚኒባሷን እዚያ አቁሜያለሁ፤ እንደ ድሮው ቤትዎ ድረስ ባደርስዎ ደስታዬ ነው። አይቸኩሉ፣ ሥራዎን ይጨርሱ፤ እኛ ሥራ ፈቶች ነን፣ እንጠብቅዎታለን።